የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የስቶክሆልም መንገድ ላይ በበረዶ ወራት የሚበተነው ጨው ለአሮጌ መኪና ምሕረት የለውም። አንድ ወዳጃችን የ1966 ቮልቮ አማዞኑን ሲያሳየን፣ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ በካቻቢቴ ነካ ቢያደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረከሰ። ቆርጦ አዲስ ከመበየድ በቀር መላ የለውም። ፓራውልቱ ግን ክሮሙ ቢደበዝዝም ቀጥ ያለ ነው፤ ይቆይ። የፍሬን ጎማ ያለ ክርክር ይቀየራል። (ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 ቀድሞ የተገጠመለት ሞዴል በፍሬን እጦት ቢጋጭ ያሳፍራል።)

በዚህ እትም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ቫሳ መርከብ ድረስ ሄደናል። በ1628 ሰጥማ በ1961 የወጣችው ቫሳ ከ5,000 በላይ ብሎኖቿ ተነቅለው በማይዝግ ብረት ተተክተዋል፤ እንጨቷ ግን በአብዛኛው የጥንቱ ነው። ከዚያ የአዲስ አበባ ቮልስ ባለቤቶች ይከተላሉ፤ የእነሱ ሙግት ይብሳል።