ሞተሩን የገደለው ሥራ አይደለም

ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርት ለማጠጣት ወደ ርብና ጉማራ በወረድን ቁጥር ጩኸታችን አንድ ነው፦ «ሞተሩ አልነሳ አለ!»

ለምን ይነሳ? ሰኔ ሲገባ ቤንዚኑን በሆዱ እንደያዘ ከነጭቃው ጥግ ወረወርነው። የከረመ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩን ይደፍናል። ዘይቱ ቢዘገይ በ100 ሰዓት፣ የአዲስ ሞተር ደግሞ በ20 ሰዓት መቀየር ሲገባው፣ ጠቁሮ እያየን «ገና ነው» አልን። ፓምፑን ውሃ ሳንሞላ በደረቁ አስነስተን ጎሚኒውን አቃጠልን፤ ወንፊቱን ጥለን አሸዋ አስዋጥነው። ከዚያ «የዘንድሮ ዕቃ ከንቱ ነው!» ብለን ፋብሪካውን እንረግማለን። በሬያችንን እንዲህ ብንይዝ ጎረቤት ምን ይለን ነበር?

በጋራ የገዛነውማ የባሰ ነው። ውሃ ለመሳብ ሁሉም ባለቤት፣ ዘይት ለመቀየር አንድም ሰው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሽንኩርት እንደሆነ መካኒክ እስኪመጣ ጥም ችሎ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጋራ ሞተር አንድ ተጠሪና አንድ የዘይት መዝገብ ይኑረው። ክረምት ሳይገባ ቤንዚኑ ይውጣ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ። ይህን እምቢ ያለ፣ ኅዳር ላይ ገመድ ሲጎትት ቢውል እኛን አይጥራን!