ስለ ስጦታ መጠቅለያ

ስጦታ ሁለት ነገር አለበት፤ አንደኛው የሚሰጠው ዕቃ፣ ሁለተኛው ዕቃውን የሚሸፍነው ልብስ ነው። ስጦታን ሸፍኖ መላክ ለተቀባዩ አክብሮትን መግለጥ ስለ ሆነ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን ልብሱ ከገላው እየከበረ ሄደ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት በገንዘብ ተገዝቶ፣ በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ በሪባን ታስሮ ከቀረበ በኋላ፣ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ተቀድዶ ይጣላል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ዛሬ የምናሳስበው የስጦታ ክብር ከመጠቅለያው አዲስነት ሳይሆን ከንጽሕናውና ከላኪው ትጋት የሚገኝ መሆኑን ነው።

የተቀደደው ወረቀት ከደጃችን ሲወጣ የጠፋ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን አይጠፋም። የአዲስ አበባ ጥራጊ ለ50 ዓመት ያህል የተከማቸው በቆሼ ነበር፤ ክምሩም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀብሯል። ያን ተራራ የሠራው አንድ ሰው አይደለም፤ በየቤቱ ትንሽ ትንሽ የተጣለው ነገር ተጠራቅሞ ነው እንጂ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ሕግን የምናስፈጽም ሰዎች በየቤታችን ምሳሌ ልንሆን ይገባናል።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ በአገልግል ይልኩ ነበር፤ አገልግሉም ተመልሶ ለሌላ መንገደኛ ያገለግላል። ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ቅጠሉም በኋላ አፈር ይሆናል። የብራና መጽሐፍ ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ይቀመጣል፤ ጠራዦችም በገበታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቁራጭ የሐር ወይም የጥጥ ጨርቅ እየለጠፉ ያስጌጡት ነበር። እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍ በቁራጭ ጨርቅ ካጌጠ፣ የእኛ ስጦታ በታጠበ ጨርቅ ቢጠቀለል ምን ነውር አለው? በልደታ ሰፈርም ሆነ በሌላው፣ ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮና ዳቦ ሲካፈል፣ መሶቡ በጨርቅ ተሸፍኖ ይወጣል፤ ያንም ጨርቅ ቀድዶ የሚጥለው የለም።

በጃፓን አገርም ሰዎች ዕቃንና ስጦታን ፉሮሺኪ በሚባል አራት ማዕዘን ጨርቅ መቋጠር የቆየ ልማዳቸው ነው። በ1998 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ዩሪኮ ኮይኬ፣ ሕዝቡ ፌስታልን ትቶ ወደዚህ ልማድ እንዲመለስ ብለው ከአሮጌ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ፉሮሺኪ አስተዋውቀዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ነጠላ በመካከሉ ቢያልቅ ጥለቱ ደኅና ሆኖ ይቀራል። ደኅናውን ክፍል በአራት ማዕዘን ቆርጦ፣ ጠርዙን ሰፍቶ፣ አጥቦ መተኮስ ነው። ልኩም እንዲህ ነው፤ ጨርቁ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ የዕቃውን ርዝመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 የሆነ ጨርቅ 28 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም መጽሐፍ ይበቃል። መጽሐፉን በመካከል አጋድሞ፣ አንዱን ማዕዘን በላዩ አጥፎ፣ ፊት ለፊት ያለውንም እንዲሁ ማድረግ፤ የቀሩትን ሁለት ማዕዘኖች ወደ ላይ ሰብስቦ ሁለት ጊዜ መቋጠር ነው። አራስ ለመጠየቅ የሚሄዱ ሴቶች ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቢመርጡ፣ መጠቅለያው ራሱ ለሕፃኑ ሌላ ስጦታ ይሆናል።

ወረቀት የሚወድ ሰው ደግሞ ዘመኑ ያለፈበትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያስቀምጥ፤ ጠንካራና ሥዕል ያለበት ነውና። ስለ ማሰሪያም ማጣበቂያ ወረቀቱን ስለሚያበላሸው በቃጫ ወይም በጥጥ ፈትል ይታሰር፤ በቋጠሮውም ላይ በመስከረም አደይ፣ በሌላው ወራት አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢሰካ ያምራል። የሚያብለጨልጭ መጠቅለያ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ በእጁ ይጨምድደው፤ ተጨማድዶ ከቀረ ወረቀት ነው፣ ተመልሶ ከተዘረጋ ግን ፕላስቲክ ነው። የሚበላ ነገር ግን የኅትመት ቀለም እንዳይነካው በጋዜጣ አይጠቀለል፤ በታጠበ ጣሳ ወይም ክዳን ባለው ብርጭቆ ይሁን። በምናለሽ ተራ ያሉ ባለ እጆች ከአሮጌ ጣሳና በርሜል ምድጃ ያወጡ የለምን? እኛም ከአንድ ጣሳ የቡና ስጦታ ዕቃ ብናወጣ አያስደንቅም።

በዚህ ላይ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች የምንጨምረው ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ለመጠቅለያ አይሁን። ከሳሽና ተከሳሽ የተጠሩበት፣ የባልና የሚስት ጠብ የተጻፈበት፣ የሟች ንብረት የተቈጠረበት ቅጠል ቆሎ ተጠቅልሎበት በመንደር ቢዞር፣ የሰው ምሥጢር በገበያ ተዘራ ማለት ነው። ቁጠባ መልካም ነው፤ የሰውን ክብር ግን ለቁጠባ መስጠት አይገባም።

በመጨረሻም ተቀባዩ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ቋጠሮውን በቢላ አይቍረጥ፤ በእርጋታ ፈትቶ ጨርቁን ይጠፍ። አገልግል ወይም ጣሳ የመጣለት እንደ ሆነ ባዶውን አይመልሰው፤ ጥቂት ቆሎም ቢሆን ይጨምርበት። እንዲህ ሲሆን አንድ መጠቅለያ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ዘመድን ከዘመድ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስታርቃል፤ በጥራጊውም ክምር ላይ አንዳች አይጨምርም። በመጪው በዓል አንባቢዎቻችን ይህን ከመሳቢያቸው በሚያወጡት አንድ ጨርቅ እንዲጀምሩት እንመክራለን።