የስንት ሱቅ ቁልፍ በእጃችሁ ነው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለሚነግደው ሰው የሽያጭና የቆጠራ ሶፍትዌር የምንሠራና የምንጠግን እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ከኛ ለሚማሩት ልጆች አይደለም። ልጆቹ የሚሠሩት እኛ ስንሠራ ያዩትን ነው። ድሬ ላይ አንቱ መባባል ብዙም ስላልለመደብን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ሥራ ለማቅለል ብላችሁ የያዛችሁት ነገር አደገኛ ነው፣ አያያዛችሁም አላማረኝም።

ድሮ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ፍላሽ በኪሳችን ይዘን ሱቅ ለሱቅ እንዞር ነበር። የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጠው ጋ ጎራ እንላለን፣ ከዚያ ሽቶና ልብስ ወደሚሸጠው እንሻገራለን፣ ባለሱቁ ደንበኛውን አስተናግዶ እስኪጨርስ በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ ነገሩ ከተበላሸ ሁለተኛው ጋ አንሄድም። በድሬ ሙቀት ያ መንከራተት ያማርር ነበር፤ ነገር ግን ጥፋታችን ከአንድ ሱቅ እንዳያልፍ ያደረገው እሱ ነው። ዛሬ ማንም አይዞርም።

ዛሬ ኮዱን ገንብቶና ፈትኖ ራቅ ባለ ማሽን ላይ የሚጭን መሣሪያ አለ። ከእናንተ ጄንኪንስን የሚጠቀም አለ፣ አንሲብልን የሚጠቀም አለ፣ ራሱ በጻፈው ስክሪፕት የሚሠራም አለ። አንሲብል እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የተወደደው በየማሽኑ የተለየ ፕሮግራም መጫን ስለማያስፈልገው ነው፤ በኤስኤስኤች ይገባል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ይወጣል። ለዊንዶውስም የራሱ መግቢያ አለው። የማሽኖቹ ዝርዝር በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ ትዕዛዙ በሌላ። በትዕዛዙ ፋይል አናት ላይ ሥራው በየትኞቹ ማሽኖች እንደሚካሄድ ይጻፋል። እዚያ ቦታ ላይ «ኦል» የሚል ቃል ካለ በዝርዝሩ ያለው በሙሉ ይታዘዛል፤ የሙከራው ማሽንም፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ሒሳብ የሚያሰላውም። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ የሚያቆማችሁ የለም።

የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ያን ጎርፍ ያመጣው ከኛ በላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነበር። የኛ ጥፋት ሕይወት አይቀጥፍምና ነገሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም። ሩቅ ተነስቶ በሌሊት ደጃፍ የሚደርስ ነገር ምን እንደሚመስል ግን ከማንም በላይ እናውቃለን።

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አስታውሱ። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገሩ። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደብኝ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ባንክ ስለሆነ ስም ዝርዝር ለጥፎ አብዛኛውን አስመለሰ። የዱቤ መዝገቡ በኛ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ባለሱቅ ግን ማንን ይለጥፋል? መዝገቡ ከጠፋ ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቀው ባለዕዳው ብቻ ነው።

መሣሪያው ይጣል አላልኩም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አሜሪካ ውስጥ ናይት ካፒታል የተባለ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ ባለሙያው አንዱን ዘለለው። አሮጌው ኮድ የቀረበት ያ አንድ ሰርቨር በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። ሰው በእጁ ሲጭን ይረሳል፣ መሣሪያ አይረሳም። ነገር ግን እኛ አገር ኔትወርክ በመሐል ይቋረጣል፣ መብራትም ይሄዳል። ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲቆም ግማሹ ሱቅ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ይቀራል። ናይትን የጣለው ይኸው ነው። የት ሱቅ ላይ እንደቆመ መዝግቦ የሚይዝ ከእናንተ ስንቱ ነው?

ከስህተት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌባ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2021 ወንበዴዎች ካሴያ የተባለ ድርጅት የሚሠራውን፣ ማሽኖችን ከሩቅ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ጠልፈው እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን ኮምፒውተሮች ቆለፉ። ስዊድን ውስጥ ኩፕ የተባለው የንግድ ድርጅት 800 ያህል መደብሮች የሒሳብ ማሽኖቹ አልሠራ ብለው ተዘጉ። ኩፕ የካሴያ ደንበኛ እንኳ አልነበረም፤ ካሴያን ይጠቀም የነበረው የሒሳብ ማሽኖቹን የሚያስተዳድርለት ድርጅት ነው። በሱቁና በሶፍትዌሩ መካከል የቆመው ያ ድርጅት እዚህ ታይዋን ውስጥ እኛ ነን።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2017 ኤም ኢ ዶክ የተባለ የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር የአፕዴት ሰርቨሩ ተጠልፎ ኖትፔትያ የተባለውን ቫይረስ አሰራጨ። ግዙፉ የመርከብ ድርጅት ማርስክ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ። ኔትወርኩን መልሶ ለማቆም የሚያስፈልገው አንድ ቅጂ በደህና የተገኘው ጋና ነበር፤ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከኔትወርክ ወጥቶ ነበርና። መብራት መጥፋት የጠቀመበት ሌላ ታሪክ አላውቅም። ከኔትወርክ የተነጠለ ባክአፕ የሌላችሁ ግን የመብራት ኃይልን ውለታ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የሁሉ ሱቅ ፓስወርድ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ያ ላፕቶፕ ቀን ለሥራ ይውላል፣ ማታ ልጆች ፊልም ያዩበታል፣ ሲበላሽም ለማናውቀው ጠጋኝ ይሰጣል። ሥራ ለቆ የሄደው ረዳት አሁንም በቁልፉ ይገባል፤ የሻረበት የለም። ከባለሱቁ ጋር ውል የለንም፣ «ወዳጄ ነው» ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ አንድ ቀን ብር ቢጎድል ወዳጅነቱ ፈቃድ ሆኖ አይቀርብላችሁም።

ደግሞም ዕድሜያችን ገፍቷል። የምንታመም፣ የምንሞት ሰዎች ነን። ቁልፉ የት እንዳለ ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ለቅሶ ላይ የተቀመጠችውን ባለቤታችሁን ባለሱቁ ፓስወርድ ሊጠይቃት ይመጣል።

ስለዚህ ይህን ሳምንት አታሳልፉት። የሄዱትን ሰዎች ቁልፍ ሻሩ። የየሱቁን ፓስወርድ ለዩ፣ ላፕቶፑን ለሥራ ብቻ አድርጉት። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ዋናውን ቁልፍ በፖስታ አሽጋችሁ ለአንድ ለምታምኑት የሙያ ባልደረባ ስጡ። ባክአፑን ከኔትወርክ ነቅላችሁ አስቀምጡ፣ መልሶ መነሳቱንም ሞክሩት። ከፋይላችሁ አናት ላይም «ኦል» የሚለውን አውጥታችሁ የአንድ ሱቅ ስም ጻፉ፤ ባለቤቱን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ያ ሱቅ ቀኑን በሰላም ውሎ ሒሳቡን ሳይዘጋ ወደ ሁለተኛው አትለፉ።