ማሩም ስኳሩም የአንድ ገበታ ነው

የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ጾሙ በቴምርና በውኃ ከተፈታ በኋላ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው በየቤቱ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚታየው ጣፋጩ ቂጣ ሲቀርብ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው እንቁላል የገባበት ትኩስ ፈጢራ ላይ ማር ካልፈሰሰ ፈጢራ አይለውም። ጅማ ያደገው ጨጨብሳውን በንጥር ቅቤ አርሶ ማሩን ከላይ ያደርጋል። በጅግጅጋ ደግሞ ስሱ አንጄሮ የሰሊጥ ዘይትና ስኳር ተደርጎበት ከሻይ ጋር ይበላል። ከቤይሩትና ከካይሮ የተመለሱ እህቶቻችን የለመዱት ቀጣይፍም አለ፤ እዚያም ቢሆን ምርጫው አንድ አይደለም። ሊባኖሶች ክሬም ወይም ዋልነት ሲሞሉበት፣ ግብፆች ለውዝና ዘቢብ ከተው ይጠብሱና በስኳር ሽሮፕ ይነክሩታል።

ይህ ሁሉ የአመል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምዕራቡ ደን ንብ በብዛት ስላለ ማር ተለመደ፤ ከበርበራና ከጅቡቲ ወደብ ጋር በሚነግደው ምሥራቅ ስኳር ተለመደ። እናቶቻችን ያፈሰሱት እጃቸው ላይ ያለውን ነው።

ጉዳዩን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተሞቻችን ከተለያየ አካባቢ የመጡ ባልና ሚስት ትዳር ሲመሠርቱ፣ ገበታው ብዙ ጊዜ የአንዱን ወገን ብቻ ይዞ ይቀራል። «ያለ ማር ምኑ ይበላል?» የምትል ቃል በቀልድ ብትወረወርም፣ ምራት የእናቷን አንጄሮ ዳግም እንዳትጋግር ታደርጋለች። ልጆቹም የአያታቸውን ጣዕም ሳያውቁ ያድጋሉ። አያት ቤት ሄደው የቀረበላቸውን ሲገፉ ማን እንደሚያዝን እናውቃለን።

ሁሉም ዓይነት በአንድ ምሽት ይቅረብ አንልም። ጾማ ውላ ምድጃ ፊት ለምትቆም እናት ተጨማሪ ሸክም ነው፤ የተረፈውም ይባክናል። አንድ ምሽት የአባት ወገን፣ ሌላ ምሽት የእናት ወገን ጣዕም ይቅረብ። ሊጡን አባት ያቡካ፤ ማሩን ልጆች ያፍስሱ። አያት ካሉ አሠራሩን ያሳዩ፤ ሩቅ ከሆኑም በስልክ ይጠየቁ። ማር ሲወደድ ስኳር የነሰነሰውን ቤትም ማንም ዝቅ አድርጎ አይመልከት። ወደ ጎረቤት የምንልከው ሳህን የእኛን ጣዕም ይዞ ይሂድ፤ የእነርሱን ይዞ ሲመለስም ሳናማርጥ እንቅመስ።

ረመዳን ከሪም!