ጌም የማን ነው?

"ጌም የሚጫወተው ወጣት ወንድ ብቻ ነው" የምትሉ፣ እስቲ እ.ኤ.አ. 2006ን አስታውሱ። በአሜሪካ የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 በ499 እና በ599 ዶላር ሲወጣ፣ የኒንቴንዶ ዊ በ250 ዶላር መጣ። በምስል ጥራት ዊ አጠገቡ አይደርስም። ግን እጅን እያወዛወዙ ቴኒስ መጫወት ለማን ያቅታል? አያትም ከልጅ ልጃቸው እኩል ተጫወቱ።

"ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው" ብለው የሳቁ ነበሩ። ውጤቱስ? ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ፕሌይስቴሽን 3 በ87 ሚሊዮን ገደማ ቆመ፤ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360ም ዊ ላይ አልደረሰበትም።

"አዲሶቹ ተጫዋቾች አልቆዩም እኮ" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ በ2012 የወጣው ተተኪው ዊ ዩ 14 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ግን እንግዳ ሄደ ማለት አልመጣም ማለት ነው እንዴ? ተጫዋች ማለት የሚጫወት ሰው ነው። በቃ!