ጀጎልም አይደል፣ መንደርም አይደል

የቦሌ ሰው ሲደክመው የሚያልመው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ «ሐረር ሄጄ ጀጎል ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ይዤ ብኖር» ይላል። ሌላው «እኔስ አባቴ መንደር ገብቼ፣ ከጎጆዬ ደጅ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ብጠጣ» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። ግንብ ያለው ጥንታዊ ከተማ ይሻላል ወይስ የአያት የቅድመ አያት መንደር? ማኪያቶው እስኪያልቅ ይከራከራሉ። ሂሳብ ከፍለው ይነሳሉ። አያት ወይም ሲኤምሲ ሲደርሱ ክላክስ ያደርጋሉ፣ ጥበቃው በሩን ይከፍታል፣ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል። አበቃ!

እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች ሐረርን የናፈቁት ለግንቡ ነው? ግንብማ አላቸው። መንደር የናፈቁት ለስሙ ነው? ስሙንማ የሪል ስቴቱ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ በየቀኑ ያነቡታል፤ «መንደር» ይላል፣ ካልሆነም «ቪሌጅ»። ታዲያ ምን ጎደላቸው?

እስቲ ሐረርን እንይ። ጀጎልን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች 5 ናቸው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጉ ነበር። «ይኸው፣ እነሱም ዘግተው ነው የሚያድሩት!» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ግንቡ የቆመው በከተማውና በጠላት መሀል እንጂ በጎረቤትና በጎረቤት መሀል አልነበረም። ውስጡ ቤት ከቤት ተደጋግፏል። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም። በዚያች 48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ሠርግ ሲሆን፣ ሐዘን ሲሆን አፎቻው ይሰበሰባል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የድንጋይ ክምር ሳይሆን ሰው የሚኖርበትን ከተማ ነው።

ለመንደሩ ደግሞ ኮንሶ ምሳሌ ይሁነን፤ እሱም በ2003 ዓ.ም. ተመዝግቧል። የኮንሶ መንደር በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ሰው ሲበዛ ምን ያደርጋሉ? አዲስ መጤውን ውጭ አይተዉትም፤ እሱን ጨምሮ የሚያቅፍ ሌላ ዙር ካብ ይሠራሉ። ስድስት ዙር የደረሰ መንደር አለ። መሀል ላይ ሞራ የሚሉት የጋራ ቦታ አላቸው። ሽማግሌ የሚመክረው እዚያ ነው፣ ጨዋታውም እዚያ ነው። ከሞራው ቤት ወጣቶች ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሳ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ከተማውም ግንብ አለው፣ መንደሩም ካብ አለው። ስለዚህ ጠቡ ከአጥር ጋር አይደለም። ጥያቄው አጥሩ ማንን ከማን ይለያል ነው። እነሱ አንድ ግንብ ሠርተው ሁሉም ውስጥ ገቡ። እኛ የግቢውን ግንብ እንሠራለን፣ ከዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ቪላ የራሱን ይሠራል፣ ከዚያ ላይ የእሾህ ሽቦ እንዘረጋለን። ልጆቻችን የጎረቤትን ልጅ ስም አያውቁም፤ የጎረቤትን መኪና ሞዴል ግን ያውቃሉ።

የዚህ ነገር ዋጋ የሚታወቀው ሰው ሲሞት ነው። በአያት በኩል ካሉት የታጠሩ ግቢዎች በአንዱ የሚኖሩ፣ የማውቃቸው አንዲት እናት ባላቸው ሞቱ። የድሮ ሰፈራቸው እድርተኞች ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ጭነው ሲመጡ በር ላይ ቆሙ። «ድንኳን መትከል ክልክል ነው፣ የመኪና ማቆሚያ ይዘጋል» ተባሉ። ስልክ ተደወለ፣ ኮሚቴ ተፈለገ፣ ደንብ ተጠቀሰ። በመጨረሻ ድንኳኑ ከግቢው ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ተተከለ። ሲኖትራክ አቧራውን እያለበሰን ሦስት ቀን ተቀመጥን። እኚያ እናት በሦስተኛው ቀን ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ልጄ፣ ለሠላሳ ዓመት ባሌ መንገድ ላይ አለቀስኩለት።» እኔ መልስ አልነበረኝም። የደንቡ ጸሐፊዎች ካላቸው ይንገሯቸው።

«ሌባውስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ሌባ አለ። ግን ይህ አጥር ሌባውንም ይሸሽጋል። አንዴ ከዘለለ በኋላ ማን ያየዋል? ጩኸትስ ቢነሳ ማን ይሰማል? በድሮው ሰፈር ሌባን የሚይዘው ሽቦ አልነበረም። ደጇ ላይ ቡና የምትቆላው ሴትዮ ናት። «አንተ፣ ማንን ፈልገህ ነው?» ስትለው መልስ ያጣል።

መንደር ገነት ነው፣ ጀጎልም ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም። ውኃ ከሩቅ በጀርባዋ የምታመላልስ ሴት የመንደርን ጣጣ ከቦሌ ናፋቂ በላይ ታውቀዋለች። የጀጎልን አሮጌ ቤት ማደስም ገንዘብና ልፋት ይጠይቃል። ደግሞስ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ሐረር ቢገባ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ሳምንት የእሾህ ሽቦ ያስመጣል!

ነገሩ አይቻልም እንዳይባል፣ እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ ማስረጃ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት በጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ከብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል። በግ ይታረድበታል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ኮንዶሚኒየሙ ስንት ጉድለት አለበት፤ ግን ዕጣ ለደረሰው ሰው የታሰበው ነገር በሚሊዮኖች ለሚገዛው ቪላ አልታሰበም።

ስለዚህ ሐረርና ገጠር ከማለማችሁ በፊት ያላችሁበትን አስተካክሉ። ኮሚቴ ያላችሁ፣ ድንኳን የሚከለክለውን ደንብ ሰርዙ። የምትሠሩ፣ ከመቶው የመኪና ማቆሚያ አንድ ጥግ ለሰው ተዉ። የምትገዙም፣ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ጂሙ ከጠየቃችሁ በኋላ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ሰው ቢሞትብኝ ድንኳኑ የት ይተከላል?» ሻጩ ከተንተባተበ ቀብዱን አትክፈሉ።