ያልተለካው 220 ቮልት

ቮልቴጅን ለከረንት ማካፈል ሬዚስታንስን፣ ሁለቱን ማባዛት ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይልን እንደሚሰጥ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ይህን ስሌት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ማንሳት አንባቢን መናቅ ሊመስል ይችላል። ችግሩ ያለው ግን በስሌቱ ሳይሆን ወደ ስሌቱ በሚገቡት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ከረንቱ በክላምፕ ሜትር በጥንቃቄ ይለካል፤ ቮልቴጁ ግን «220 ነው» ተብሎ ይጻፋል። በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ልማድ ሊተዉት ይገባል።

የእንጀራ ምጣድ ነገሩን በሚገባ ያሳያል። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት እንዲወስድ የተሠራ ምጣድ ወደ 16 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ይስባል፤ በሸክላው ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም ያህል ነው ማለት ነው። አሁን መስመሩ ተጨናንቆ ቮልቴጁ ወደ 190 ወረደ እንበል። ሽቦው ያው ሽቦ ነውና ከረንቱ ወደ 13.7 አምፔር ይቀንሳል። ከረንቱን ብቻ የለካ ተመራማሪ 13.7ን በ220 አባዝቶ 3,014 ዋት ይጽፋል፤ ምጣዱ በእርግጥ የወሰደው ግን 2,603 ዋት ነው። ስሕተቱ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይኸው ተመራማሪ 220ን ለ13.7 ሲያካፍል 16.1 ኦም ያገኝና ሽቦው አርጅቷል፣ ወይም ግለቱ ሬዚስታንሱን አሳድጎታል የሚል ማብራሪያ ሊያዘጋጅ ይነሣል። የሚብራራ ነገር ግን የለም። የምጣድ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን፣ ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። (ዕቃው የቀድሞው ዓይነት አምፖል ቢሆን ኖሮ ማብራሪያው ያስኬድ ነበር፤ በ220 ቮልት 100 ዋት የሚወስድ አምፖል ሲበራ 484 ኦም ሲሆን፣ ቀዝቅዞ ሲለካ የዚህን አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም።)

ጉዳቱ ይበልጥ የሚከፋው ሁለት ምጣዶች ሲወዳደሩ ነው። ነባሩና «የተሻሻለው» ምጣድ በእውነቱ እኩል 50 በመቶ ብቃት አላቸው እንበል። የተሻሻለው ቮልቴጁ 220 በሆነበት ረፋድ፣ ነባሩ ደግሞ ወደ 190 በወረደበት ምሽት ቢሞከሩና ለሁለቱም 220 ቢጻፍ፣ የነባሩ ምጣድ የገባለት ኢነርጂ ከእውነቱ በላይ ተቆጥሮ ብቃቱ 43 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ሰባት ነጥብ ያህል መሻሻል ተገኘ ማለት ነው፤ መሻሻሉ ግን የመስመሩ እንጂ የምጣዱ አይደለም። እንዲህ ያለ ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም፤ ተከታዩ ተማሪ ይጠቅሰዋል፣ ምጣድ ሠሪውም ሽቦውን የሚመርጥበት ሊያደርገው ይችላል።

«በመስክ ጥናት ይህን ያህል ስሕተት የተለመደ ነው፤ ሙከራውን በመደጋገም ይስተካከላል» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። መከራከሪያው የሚሠራው ወደ ላይም ወደ ታችም ለሚዋዥቅ ስሕተት ነው። ቮልቴጁ ዘወትር ከ220 በታች በሆነበት ሰፈርና ሰዓት የሚሠራ ሙከራ ግን ዐሥር ጊዜም ቢደገም ስሕተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ መደጋገሙ የተሳሳተውን ቁጥር የተረጋገጠ ያስመስለዋል።

የሕጉ ባለቤት ራሱ በዚሁ መሰናክል ላይ ወድቆ ነበር። ጌዮርግ ኦም በ1825 ባሳተመው የመጀመሪያ ሥራው ኃይሉ በማይረጋ ባትሪ ተጠቅሞ ስለነበር ያገኘው ቀመር ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በፖገንዶርፍ ምክር ባትሪውን ትቶ፣ አንዱ ጫፍ በሚፈላ ውኃ ሌላው በበረዶ ውስጥ የተያዘ የቢስመዝና የመዳብ ጥንድ ተጠቀመ። ምንጩ ሲረጋ ቀላሉ ሕግ ታየ። የምጣድ ተመራማሪ መስመሩን ማርጋት አይችልም፤ ቮልቴጁን ከከረንቱ ጋር በአንድ ጊዜ መለካት ግን ይችላል።

የመሣሪያ እጥረትም በቂ ምክንያት አይሆንም። ቮልቴጅ የሚለካ መልቲሜትር ከክላምፕ ሜትር የረከሰ ነው፤ አብዛኛው ክላምፕ ሜትርም ቮልቴጅን ራሱ ይለካል። ጠቅላላው ኢነርጂ ብቻ ለሚፈለግበት ጥናት የቤቱ ቆጣሪ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከተነቀለ፣ ከግምት የተሻለ ምስክር ነው። (በዚህ አጋጣሚ «ኃይል» የሚለውን ቃል ለኪሎዋትም ለኪሎዋት ሰዓትም መጠቀም ብዙ ሠንጠረዥ እያበላሸ ነው።) እንደ ማቀዝቀዣ ያለ ሞተር ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ብዜት ዋትን ስለማይሰጥ የኃይል መለኪያ ግድ ይላል።

የት እንደተለካም መጻፍ አለበት። ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ የተነበበ ቮልቴጅ በገመዱ፣ በሶኬቱና በስፒናው ላይ የሚጠፋውን ይጨምራል። ከተላላ ስፒና የሚመጣ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ በ13.7 አምፔር 19 ዋት ያህል ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ያመነጫል፤ ፕላስቲኩ ጠቁሮ የሚቀልጠው እንዲህ ካለው ነው። ይህን መጠን በተራ መልቲሜትር የኦም ክልል መለካት አስተማማኝ አይደለም፤ የመሣሪያው ገመዶች ራሳቸው የዚህኑ ያህል ሬዚስታንስ አላቸውና። ምጣዱ እየሠራ በስፒናው ግራና ቀኝ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት፣ ተገቢው የደኅንነት ጥንቃቄ ተደርጎ ሲለካ ግን 1.4 ቮልት ገደማ ሆኖ በግልጽ ይነበባል። ለ13.7 ሲካፈል ሬዚስታንሱ ይገኛል፣ በ13.7 ሲባዛ ደግሞ የሚባክነው ዋት።